ሲቪላይዜሽን 5

ሲቪላይዜሽን 5 ፊራክሲስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ተራ በተራ የሚጫወቱት የስልት ጨዋታ ነው።

ጀማሪ ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሀብትን በማከማቸት ነው። እንደ ሐር ያለ የቅንጦት ዕቃ ለሕዝቡ 4 ነጥብ ደስታ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ሐር ግን ምንም አይጨምርም። ስለዚህ ትርፉን ሐር ለሌለው ጎረቤት ሰጥቶ በምትኩ ቅመም መቀበል ሁለቱንም ይጠቅማል። ውሉ በመደበኛው የጨዋታ ፍጥነት 30 ዙር ይቆያል።

ጦርነት ከተነሣ ውሉ ወዲያው ይፈርሳል። ቅመሙ ይቀራል፤ ደስታውም ከዜሮ በታች ከወረደ የከተሞች እድገት ይዳከማል። የብረት ነገር ደግሞ ይብሳል፦ እያንዳንዱ የሰይፈኞች ጓድ 1 ብረት ይፈልጋል፤ ብረቱ ሲቋረጥ ጓዱ ባይጠፋም የመዋጋት አቅሙ እጅግ ይቀንሳል። ከጎረቤት በተገዛ ብረት ያንኑ ጎረቤት መውጋት አያዋጣም (ብዙዎች ይህን የሚረዱት ጦርነቱን ካወጁ በኋላ ነው)።

በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ማስፋፊያ ኢትዮጵያ በአፄ ኃይለ ሥላሴ መሪነት ገብታለች። በከተማ ብዛት ከሚበልጣት አገር ጋር ስትዋጋ ሠራዊቷ 20 በመቶ ብርታት ያገኛል፤ ይህ ልዩ ችሎታ በአድዋ ስም ተሰይሟል። ሆኖም ከተሞቿን ጥቂት አድርጎ የሚጫወት ሰው የራሱ ሀብት ስለሚያንሰው፣ የጎረቤት ወዳጅነት ከማንም በላይ ያስፈልገዋል።