ሥራ ያጣች ወይስ ሥራዋ ያልተቆጠረላት?

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት

በገጠር ቀበሌዎች «ሥራ የላትም» የምትባለው ሴት ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ጤፍ ታርማለች፣ ለዘር የሚሆነውንም መርጣ ታስቀምጣለች። እንደሚታወቀው፣ የጎደላት ሥራ ሳይሆን ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ነው። የጎደለበት ምክንያት ከዚህ በታች ተመልክቷል።

1. በሬና ሞፈር

በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ሴት ሞፈር ብትጨብጥ እንደ ነውር ይቆጠራል። በመሆኑም ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት፣ በሬና አራሽ ስለሌላት፣ መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ከገዛ ማሳዋ የሚደርሳት የምርቱ ከፊል ብቻ ነው።

2. መዝገብ

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ጾታ ሳይለይ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ሆኖም የገበሬ ማኅበራት የመዘገቡት በአብዛኛው አባወራውን ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። ደብተሩ ሁለት ስም ይዞ ሳለ የማኅበሩ መዝገብ አንድ ስም ብቻ ከያዘ፣ ብድሩም የትርፍ ክፍፍሉም ወደ አንዱ ብቻ ይሄዳል።

3. ጊዜ

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም ነው። የመስክ ቀን ስንጠራ «አባወራዎች ይምጡ» ብለናል፤ ሰዓቱንም እሷ ከምድጃ በማትለይበት ጊዜ አድርገናል። ስለዚህ ስለ አረም ያስተማርነው ብዙውን ጊዜ ለማያርመው ሰው ነበር።

ምን ይደረግ?

ሀ. የማኅበሩን መዝገብ ከይዞታ ደብተሩ ጋር አስተያዩ። ሚስት በራሷ ስም ዕጣ ገዝታ አባል የምትሆንበትን መንገድ በጠቅላላ ጉባኤ ተወያዩበት።

ለ. በሬ ለሌላቸው ሴቶች የእርሻ ቀን በወንፈል ወይም በደቦ ወረፋ ያዙላቸው። መሬቱ በወቅቱ ከታረሰላት ለእኩል ለመስጠት አትገደድም።

ሐ. የሥልጠናውን ቀንና ሰዓት ሴቶቹን ጠይቃችሁ ወስኑ። ስለ ዘር መረጣና ስለ አረም ከሆነ፣ እነሱ ሳይገኙ አትጀምሩ።

መ. ማኅበሩ እንቁላል፣ ቅቤ ወይም የጓሮ አትክልት ሲረከብ ሒሳቡን ላመረተችው ሴት በእጇ ይክፈል።

ከመጪው ክረምት እርሻ በፊት መዝገባችሁን ግለጡና የሴቶቹን ስም ቁጠሩ። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።