የጋኑ አፍ

(ድምፅ፦ ውሃ ከእንስራ ሲገለበጥ፤ የሴቶች ጨዋታ ከጓዳ)

ተራኪ፦ ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ የሚያልፍ መንገደኛ ጉንደ ወይንን ያገኛታል። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። ጥር ሲገባ ሰርጉ ይበረታል፤ ማኅበሩና ተዝካሩ ደግሞ ወር አይመርጥም። ድግስ ያለበት ቤት አስቀድሞ የሚያወጣው ጋኑን ነው። ዛሬ እኛም ጋኑን እንከተላለን፤ ከጋኑም አፉን። መቼ ክፍት ይተዋል? መቼስ ይመረጋል? የጠላው ነገር አብዛኛው እዚያ ላይ ያለቀ ነው።

(ድምፅ፦ ጋን በቅጠል ሲፈተግ)

ጋኑ በግራዋ ይፈተጋል፤ ከዚያም በወይራ ጭስ ይታጠናል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጭሱ መዓዛ ነው። ጭሱ ግን ሌላም ሥራ አለው፤ ካለፈው ድግስ በጋኑ ግድግዳ ላይ የተረፉትን አበላሺ ባክቴሪያዎች ያዳክማል።

ቀጥሎ ጥንስሱ ይጣላል። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ተበጥብጦ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። የጋኑ አፍ ይሸፈናል እንጂ አይመረግም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እርሾውን ማን ጨመረው? በኮፐንሃገን፣ በካርልስበርግ ላቦራቶሪ፣ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንዲት ሕዋስ የተራባ ንጹሕ እርሾ ለቢራ ጠመቃ ያበቃው በ1883 እ.ኤ.አ. ነው። የጠላ ጠማቂዋ እርሾ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው ጋር ሳይጠራ የሚመጣ ነው። ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲነት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ጠላን ከሚያፈሉት ዋነኞች መካከል ሳካሮማይሲስ የተባለውን የእርሾ ወገንና ላክቲክ አሲድ ሠሪ ባክቴሪያዎችን አግኝተዋል። የቢራውም የዳቦውም እርሾ የዚሁ ወገን ነው።

(ድምፅ፦ ምጣድ ላይ እንኩሮ ሲታመስ)

ተራኪ፦ ገብሱ ተነክሮ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ በቅሏል፤ ደርቆም ተፈጭቷል። ያልበቀለ እህል ዱቄት ደግሞ ውሃ ተርከፍክፎበት በምጣድ ታምሶ እንኩሮ ሆኗል። ብቅሉ፣ እንኩሮውና የጌሾው እንጨት ወደ ጥንስሱ ሲገቡ ድፍድፍ ይባላል። ጠማቂዋ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ታማስለዋለች፤ ከታች ያለው ወደ ላይ፣ ከላይ ያለው ወደ ታች። ዓይን የሚያየው ዱቄትና ውሃ ሲዋሃድ ነው። ከእጇ ጋር ግን አየርም ይገባል።

አየሩ ለእርሾው ምን ያደርግለታል? የተለመደው መልስ “ይተነፍስበታል” የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት ብቻ ይመስለኛል። የእርሾ ሕዋስ ስኳር ከበዛለት አየር እያለም ወደ አልኮል ሥራው ይሄዳል። ኦክስጅኑን በብርቱ የሚፈልገው ገላውን ለመገንባት ነው። ሕዋሱን የሚከብበው ስስ ሽፋን ኤርጎስቴሮል የሚባል ቅባት መሰል ነገርና ያልጠገቡ የስብ አሲዶች አሉት፤ እርሾው እነዚህን ያለ ኦክስጅን መሥራት አይችልም። አንድሪያሰንና ስታይር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1953 እና በ1954 እ.ኤ.አ. ይህን በግልጽ አሳዩ፤ አየር ፈጽሞ የተነፈገ እርሾ እነዚያን ሁለት ነገሮች ከውጭ ካልሰጡት እድገቱ ይቆማል።

ሕዋሷ በተከፈለች ቁጥር ያላትን ኤርጎስቴሮል ለልጇ ታካፍላለች። የጎጃም ገበሬ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም፤ ርስት ለልጅ፣ ከልጅም ለልጅ ልጅ ሲሸነሸን መጨረሻው ምን እንደሚሆን ያውቃል። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ሽፋኑ ይሳሳል። በዚያው ልክ አልኮሉ እየጨመረ ነው፤ የሳሳውን ሽፋን ያውከዋል። እርሾው ስኳሩን ሳይጨርስ ይደክማል፤ ጠላው ጣፍጦ ይቀራል፣ አለያም የተረፈውን ስኳር ባክቴሪያ ወስዶ ያኮመጥጠዋል።

የቢራ ፋብሪካ ሌላ ችግር አለበት። የብቅሉ ጭማቂ ስለሚፈላ አየሩ ተንኖ ይወጣል። ስለዚህ ከቀዘቀዘ በኋላ ንጹሕ አየር ወይም ኦክስጅን ይነፉበታል፤ የተለመደው ግብ በሊትር ከ8 እስከ 10 ሚሊግራም ነው። ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ደግሞ ዕቃውን ይዘው ይንጡታል።

አሁን ወደ ደጋው እንምጣ። የደብረ ማርቆስ ከፍታ 2,446 ሜትር ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። በባሕር ዳርቻ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ ግን 7 አይሞላም። የቢራ ጠማቂዎች መጽሐፍ የሚጠይቀውን ልክ፣ አየር ብቻ እየነፉ በደጋ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል ማለት ነው።

ታዲያ የደጋው ጠላ ለምን ደህና ይፈላል? አንደኛው ምክንያት ውሃው ነው፤ ለድፍድፉ የሚገባው ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ የያዘው አየር ከእሱው ጋር አለ። ሌላውና የሚበልጠው እህሉ ሳይጣራ ከእርሾው ጋር አብሮ መሰንበቱ ነው። የገብስ ስብ ያልጠገቡ የስብ አሲዶች አሉት። ፋብሪካው አጣርቶ የሚያስወግደው አተላ እዚህ ለእርሾው ስንቅ ይሆናል፤ የኦክስጅኑን ጉድለት በከፊል ይሸፍናል። ይህን በጋን ውስጥ ለክቶ የነገረን የለም፤ የቢራ ሳይንስ ግን ወደዚያ ይመራል።

(ድምፅ፦ ጭቃ ሲላቆጥ)

ተራኪ፦ ድፍድፉ ሲነሳ የጋኑ አፍ በጨርቅ ታስሮ ይመረጋል። ሰዓቱን የምትወስነው ጠማቂዋ ናት፤ በሽታው፣ በድምፁ፣ በላዩ ላይ በሚነሳው አረፋ። ከዚህ በኋላ እርሾው የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩን ገፍቶ በድፍድፉ ላይ ይተኛል። ምርጊቱ ይህን ጋዝ ጠባቂ ነው። አሁን አየር ቢገባ የሚጠቀመው አሴቶባክተር ነው፤ አልኮልን በኦክስጅን ወደ ኮምጣጤ የሚቀይር ባክቴሪያ። እርሾው በመጀመሪያው ቀን የሚለምነው አየር በአሥረኛው ቀን ጠላቱ የሚሆነው ለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ “እስቲ ልየው” እያለ ጋኑን ደጋግሞ የሚከፍት ሰው በበኩሌ ከጓዳ ቢባረር ደስ ይለኛል።

ዛሬ በብዙ ቤት ጋኑን የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ተክቶታል። ቀላል ነው፣ አይሰበርም። ሆኖም ክዳኑ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ጋዙ መውጫ ያጣና ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ክዳኑን በትንሹ ላላ ማድረግ ይበጃል፤ ጋዙ ወደ ውጭ እየገፋ እስካለ ድረስ አየሩ በቀላሉ አይገባም። የዳቦ እርሾ የሚጨምሩም አሉ። ደረቁ እርሾ ፋብሪካው ውስጥ በብዙ አየር ስለተራባ የኤርጎስቴሮል ስንቁን ይዞ ይመጣል፤ ፈጥኖ የሚነሳው ስለዚህም ነው።

(ድምፅ፦ ጠላ ወደ ጣሳ ሲቀዳ፤ ምርቃት)

ተራኪ፦ ለድግሱ ጋኑ ተከፍቶ ውሃ ይሞላል፤ ጠላውም ይጠለላል። ተራው ጠላ ከመቶ 2 እስከ 4 እጅ፣ ፊልተር የሚባለው ደግሞ 5 እና 6 እጅ አልኮል ይኖረዋል። ምርጊቱ ስለፈረሰ አሁን ቀን ይቆጠራል። በአተላው ላይ እንደገና ውሃ ሲጨመርበት ቅራሪ ይወጣል። ስኳሩ ተበልቶ ስላለቀ፣ የሚከላከልለት አልኮልም ጥቂት ስለሆነ፣ አዲሱ ውሃም አየር ይዞ ስለገባ ቅራሪው ቶሎ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ከእንግዶቹ በኋላ ጎረቤትና ዕቃ አጣቢዎቹ ተጠርተው በማግስቱ ይጠጡታል፤ አተላው ለከብት ይሰጣል።