የኳስ ንዴትና ልባችን

የምንደግፈው ቡድን በገዛ ሜዳው ተሸንፎ ከዋንጫ ሲወጣ ንዴቱ አልጋ ድረስ ይከተለናል። «ለኳስ ብሎ እንዲህ ይሆናል?» እያልን ስንስቅ ኖረናል። ሐኪሞች ግን አልሳቁም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ጀርመን የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ፣ በሙኒክና በአካባቢዋ ድንገተኛ የልብ ሕመምተኞች ተቆጠሩ። የጀርመን ቡድን በተጫወተባቸው ቀናት ቁጥሩ ከወትሮው 2.66 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ በወንዶች ከ3 እጥፍ አለፈ። ከሁሉ የባሰው ጨዋታው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ነበር። የሚገርመው፣ በጣሊያን 2 ለ 0 በተሸነፉበት ቀን ብቻ ሳይሆን አርጀንቲናን በፍጹም ቅጣት ምት ባሸነፉበትም ቀን ብዙ ሰው ታሟል።

ስንናደድ ወይም ስንጨነቅ ሰውነታችን አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ደም ብዛት ይጨምራል። ለጤነኛ ሰው ይህ ያልፋል፤ የልብ ሕመም፣ ደም ብዛት ወይም ስኳር ላለበት ግን አደጋ አለው። ሲጋራውና ጨው የበዛበት ጋርዒኒም ሲጨመርበትማ!

ኳስ አትዩ አንልም፤ ማንስ ይሰማናል? ነገር ግን «ምንም አላመመኝም» ተብሎ የሚተወው የደም ብዛት ኪኒን በጨዋታ ቀንም ይወሰድ። ደረትን የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ «ንዴት ነው፣ ልተኛበት» አይበሉ፤ ጨዋታው እስኪያልቅም አይጠብቁ። ራስዎ መኪና ሳይነዱ ወዲያውኑ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ይደውሉ።