ያውቁ ኖሯል? መዳፍ ነሐስን ይበላል

በጣሊያኗ ቬሮና፣ «ሮሚዮና ጁልየት» በተባለው ተውኔት የምትታወቀው የጁልየት ቤት በሚባለው ግቢ ቆማ የነበረችው የጁልየት የነሐስ ሐውልት ከጎብኚዎች እጅ ብዛት የተነሳ ተሰንጥቃ እ.ኤ.አ. በ2014 ከቦታዋ እንደተነሳች ያውቁ ኖሯል? ቀራጺዋ ኔሬዮ ኮስታንቲኒ ነው። ቀኝ ጡቷን የዳበሰ በፍቅር ይቀናዋል ስለሚባል ሰው ሁሉ ሲነካካት ኖሯል። ዛሬ በግቢው የቆመችው ቅጂዋ ናት።

ነሐስ በአብዛኛው መዳብ ነው፤ ጥቂት ቆርቆሮ ይጨመርበታል። ላዩ ላይ የሚታየው ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቀለም እድፍ አይደለም። ቀራጺው በእሳትና በኬሚካል ያወጣው፣ አለዚያም አየርና እርጥበት በዓመታት የሠሩት ስስ ልባስ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ነሐስ ይጠብቃል። መዳፍ ልባሱን ይፍቀዋል፣ የላብ ጨው ደግሞ መዳቡን ይበላዋል።

ስለዚህ ቤትዎ ያለውን የነሐስ ሐውልት እጅ ከሚበዛበት መተላለፊያ ያርቁት፤ እንዳይወድቅም ከመቆሚያው ጋር በብሎን ይሰሩት። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ያራግፉ። ሎሚ፣ አመድና የብረት መወልወያ ፈጽሞ አያስነኩት፤ ልባሱን ይገፉታል። ደጅ የቆመ ከሆነ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ስስ ሰም ቀብተው በጨርቅ ይወልውሉት።

እንደ ዱቄት የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ነጠብጣብ ካዩ ግን ሐውልቱን ደረቅ ቦታ አስቀምጠው የቅርስ ጥገና ባለሙያ ያማክሩ።