ስኮርታው ንፋስ አለው?

ቤተሰብ ይዘን ረጅም መንገድ ስንወጣ ስንቁን ሸክፈን ስኮርታውን የምናይ ስንቶቻችን ነን? ጎሚስታ በሌለበት በረሃ ንፋስ ያጣ ስኮርታ ትርፉ ሸክም ነው።

በመኪናው ባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የንፋስ መሙያ ለመግዛት ስናስብ አራት ነገሮችን እንይ። አንደኛ፣ በሲጋራ መለኮሻ የሚሰካ ከሆነ የሚስበው አምፔር ከመለኮሻው ፊውዝ መብለጥ የለበትም። ለትልልቅ ጎማዎች በቀጥታ ከባትሪው ጋር የሚያያዘው ይሻላል። ሁለተኛ፣ ገመዱና ጎማው የኋላ እግር ድረስ ይድረስ። ሦስተኛ፣ መለኪያው በግልጽ የሚነበብ ይሁን፤ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ መሆኑንም እንወቅ። አራተኛ፣ ሳያርፍ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ መመሪያውን እናንብብ፤ ከዚያ ካለፈ ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

የሚሞላው ልክ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ነው። በጎማው ጎን ያለው ቁጥር ግን ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ ነው።

መሣሪያው ቀዳዳ አይደፍንም፤ በዝግታ የሚተነፍሰውን እስከ ጎሚስታ ቢያደርስ ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ግን ተነፍቶ አይነዳም፤ ይቀየራል። ስለዚህ ሳንነሳ፣ ጎማው ሳይግል፣ አራቱንም እግር አምስተኛውንም ስኮርታ እንለካ። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች አደራዎቻችን ናቸውና።