ከአደጋ የተረፈን ሰው ማናገር መቼ ይረዳዋል?

ከባድ አደጋ በደረሰ ቁጥር፣ የተረፈው ሰው ያየውን ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዘርግፎ ካልተናገረ ነገሩ ውስጡ ታምቆ ኋላ የአእምሮ ሕመም ይሆንበታል የሚል ምክር በየመገናኛ ብዙኃኑ ይናፈሳል። ምክሩ ከበጎ ሐሳብ የመነጨ ቢሆንም ማስረጃ ስለማይደግፈው ሊታረም ይገባዋል። በቃጠሎ በተጎዱ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአደጋው በኋላ ወዲያው ዝርዝሩን እንዲተርኩ ከተደረጉት መካከል ከ13 ወራት በኋላ 26 በመቶው ድኅረ አደጋ ሰቀቀን ሲታይባቸው፣ ካልተደረጉት መካከል የታየባቸው 9 በመቶው ብቻ ነበሩ። እርግጥ የመጀመሪያዎቹ ቃጠሎ ከጅምሩ የከፋ ስለነበር ልዩነቱን በሙሉ በንግግሩ ማላከክ አይቻልም፤ ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አሠራር እንዳይጠቀሙበት የመከረው ከሌሎች ጥናቶችም ጥቅሙ ስላልተገኘ ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት ፍርሃት በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚታሰርና እንዴት እንደሚላላ ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው የመሬት ናዳ የደረሰው ከከባድ ዝናብ በኋላ ሲሆን፣ የተቀበሩትን በአካፋና በእጃቸው ለማውጣት የተሰበሰቡትንም ሁለተኛው ናዳ ውጧቸዋል። እንዲህ ካለው አደጋ በተረፈ ሰው አንጎል ውስጥ፣ አሚግዳላ የተባለው የአደጋ ምልክቶችን የሚያውቅ ክፍል የዝናቡን ድምፅ ከሞት ጋር ሊያስተሳስር ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ እንኳ፣ ሰውየው ምንም ሳያስብ፣ ልቡን ያስደልቀዋል፣ ላብ ላብ ይለዋል፣ ከቤት ያስወጣዋል።

ይህ ትስስር የሚላላው ዝናቡ እየደጋገመ ሲዘንብና ምንም ሳይደርስ ሲቀር ነው፤ በዚህ ጊዜ በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል «ይህ ድምፅ አሁን አደጋ የለውም» የሚል አዲስ ትውስታ ይመሠርትና አሚግዳላን ይገታል። አሮጌው ትውስታ ግን አይፋቅም፤ ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ እንዳየው፣ የከሰመ ምላሽ ከእረፍት በኋላ ራሱን ችሎ ይመለሳል። ስለዚህ በጋውን ሙሉ ደኅና የሰነበተ ሰው ክረምት ሲገባ ቢደነግጥ መዳኑ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚሸሽ ሰው ደግሞ ለጊዜው እፎይ ቢልም፣ ያ እፎይታ ሽሽቱን ያጸናበታል፣ አንጎሉም አዲሱን ትምህርት የሚማርበትን ዕድል ያጣል።

ሰቀቀኑ ሥር ለሰደደበት ሰው የሚሰጠው ሕክምና ይህንኑ ፍርሃትን የማላላት ሂደት በባለሙያ እየታገዘ፣ በሰውየው ፈቃድ፣ ቀስ በቀስና በተደጋጋሚ የሚያካሂድ ነው፤ ማውራት የሚረዳውም በዚህ መልክ ሲሆን ነው። ሕመሙ የሚበየነው ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ሲዘልቁ ሲሆን፣ ብዙዎች ያለ ሕክምና ስለሚያገግሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው ውኃ፣ መጠለያ፣ ዘመድን ማገናኘት፣ መናገር የፈለገውን ሳይጎተጉቱ መስማት ነው፤ እድርተኛ ድንኳን ተክሎ ከሐዘንተኛው ጋር ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚያደርገውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አደጋው በእርግጥ ካለፈ ነው። በዝናብ የራሰ፣ ሊናድ የሚችል ዳገት ሥር ለሚኖር ቤተሰብ የዝናቡ ድምፅ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ፣ ፍርሃቱን ለማክሰም ከመሞከር በፊት ቤተሰቡን ከዚያ ማንሣት ይቀድማል።