አከርካሪን የሚያቃኑ ዘንጎች አከፋፈል

የጎበጠ ወይም የተጣመመ አከርካሪን ለማቃናት በቀዶ ሕክምና የሚገቡት የብረት ዘንጎች ስማቸው ብዙ ነው። አንዱ በፈልሳፊው፥ ሌላው በፋብሪካው ስም ይጠራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንሞክረው ዘንጎቹን በስማቸው ሳይሆን በሥራቸው ለመክፈል ነው። አከፋፈሉ ለሸሕዲ ሕመምተኛ የሚሰጠውንም ጥቅም እናመለክታለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ዘንግ ብቻውን ምንም እንደማያቃና ማወቅ ያስፈልጋል። ጠማማ ችግኝ አጠገቡ ቀጥ ያለ እንጨት ቢተከልለት፥ ካልታሰረበት አይቃናም። ዘንግም እንዲሁ አጥንቱን የሚይዝበት ነገር ይሻል። ስለዚህ የመጀመሪያው አከፋፈል በአያያዝ ነው፤ ይኸውም ሦስት ዓይነት ነው።

፩ኛ/ በመንጠቆ የሚይዝ። አሜሪካዊው ሐኪም ፖል ሃሪንግተን በፖሊዮ ምክንያት አከርካሪያቸው ለተጣመመ ልጆች ሠርቶ በ1962 በጽሑፍ አስታወቀው። ዘንጉ ከላይና ከታች በመንጠቆ ተይዞ አከርካሪውን እንደ ክሪክ ይገፋል። የሚይዘው በሁለት ጫፍ ብቻ ስለ ነበረ ግን ሕመምተኛው ለወራት በጄሶ ይታሸግ ነበር። ፈረንሳውያኑ ኮትሬልና ዱቡሴ በ1980ዎቹ ብዙ መንጠቆ በሁለት ዘንጎች ላይ በማድረግ አሻሻሉት።

፪ኛ/ በሽቦ የሚይዝ። የሜክሲኮው ኤድዋርዶ ሉኬ በ1970ዎቹ ዘንጎቹን ከየአንጓው ጋር በሽቦ አሰረ። ኃይሉ ለብዙ አንጓዎች ስለ ተከፋፈለ ጄሶው ብዙ ጊዜ ቀረ፤ ሆኖም ሽቦው በሕብለ ሰረሰር አጠገብ ስለሚያልፍ ያሠጋል።

፫ኛ/ በብሎን የሚይዝ። ብሎኑ ከጀርባ በኩል ገብቶ እስከ አንጓው አካል ስለሚዘልቅ አያያዙ ጽኑ ነው። ፈረንሳዊው ሩዋ ካሚይ በ1963 ጀመረው፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበትም ይህ ነው።

ሁለተኛው አከፋፈል በዕድገት ነው። ቁመቱን ለጨረሰ ሰው የአጥንት ቍራጭ ይጨመርና አንጓዎቹ እንዲጋጠሙ ይደረጋል፤ የዘንጉ ሥራ እስኪጋጠሙ ድረስ መያዝ ነው። ሳይጋጠሙ ከቀሩ ብረቱ ውሎ አድሮ ሊሰበር ይችላል። ለታናሽ ልጅ ግን ዘንጉ ከቁመቱ ጋር መርዘም አለበት። አንደኛው ዓይነት በየስድስት ወሩ ገደማ በቀዶ ሕክምና ይረዝማል። የሆንግ ኮንግ ሐኪሞች በ2012 ውጤቱን ያስታወቁለት ሌላው ዓይነት ደግሞ ሰውነት ሳይከፈት ከውጭ በማግኔት ይረዝማል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ከጉብጠት ምክንያቶች አንዱ የአንጓውን የፊት ክፍል የሚበላው የአከርካሪ ነቀርሳ ነው። ዶክተር ሪክ ሆደስ ከአዲስ አበባ ብዙ ሕሙማንን ወደ ጋና ልከው በዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ ቡድን አሳክመዋል። እጅግ የጎበጡት አስቀድመው በራሳቸው ላይ በሚታሰር ቀለበት ለሳምንታት ይሳባሉ፤ ዘንጉ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ከሸሕዲ በአይከል አድርጎ ወደ ጎንደር፥ ከዚያም አልፎ ለሚሄድ ልጅ በየስድስት ወሩ የሚከፈት ዘንግ ቢመረጥለት፥ ሕክምናው በመንገዱም ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ክረምት ገብቶ ወይም ገንዘብ ጠፍቶ ቀጠሮው ቢያልፍ ልጁ ያድጋል፥ ዘንጉ ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ የዘንጉ ዓይነት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለወላጆች ሊነገር ይገባል። በመሸኛ ወረቀቱም ላይ ዘንጉ በምን እንደ ያዘ፥ የሚረዝም መሆን አለመሆኑና ማግኔት ያለበት እንደ ሆነ ቢጻፍ፥ በሸሕዲ የሚያየው ጤና ባለሙያ ሳይቸገር ይረዳዋል።

ነቀርሳው ግን አጥንቱን ሳይበላ በመድኃኒት ቢያዝ ከማናቸውም ዘንግ ይሻላል።